ቤታችሁ ገብታችሁ ለሳቃችሁ ሁሉ

ጓዶች! ካልከፋችሁ ደግሞ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ክቡራትና ክቡራን!

ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ መድረክ ላይ ቆሜ ሌላውን ሳስተዋውቅ ኖሬ፣ ዛሬ ራሴን ላሰናብት ተነሣሁ። ይህን ግብዣ ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። ሐምዲያ፣ ለብርቱካኑ እጅሽ ይባረክ። ጓድ ሊቀመንበር ደስታ፣ ጊዜዎን ሰውተው ስለተገኙልኝ ክብረት ይስጥልኝ። የስጦታ ኮሚቴውንም ለብርድ ልብሱ አመሰግናለሁ። ግን እስቲ ልጠይቅ፤ በሸዋሮቢት ሙቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ እኔ በላይነሽ ብርድ ልብስ ምን ላደርግበት ነው? ጡረታ ወጣሽ ብላችሁ ደብረ ሲና ልትሰዱኝ ነው እንዴ?

አያችሁ? ሳቃችሁ። ደግሞ ጥርሳችሁ እስኪታይ ነው የሳቃችሁት። ለብርድ ልብስ ሲሆን ትስቃላችሁ!

እንግዲህ የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው። በስንብት ቀን ማልቀስ ደንብ ነው ይባላል። እኔ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሬ ብሞክረው እንባ አልመጣልኝ አለ። ተናድጃለሁ፤ የተናደደ ሰው ደግሞ አያለቅስም። በማን ተናደድሽ ብትሉኝ፣ በእናንተ። ብርቱካኑን እየበላችሁ ስሙኝ።

ጋሼ ሷሊሕን የማያውቅ እዚህ ውስጥ የለም፤ ለእንግዶቻችን ስል ግን ልናገር። ያው የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጡት ናቸው። ከቀወት እስከ አጣዬ እሳቸው ያልተገኙበት ሰርግ፣ ሰርግ አይባልም ነበር። ጀውሃ የሚያርፍ የጭነት መኪና ሾፌር፣ «ሰውዬው ዛሬ አሉ ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ ምሳ አያዝም ነበር። ኋላ ዘመኑ ተለወጠ። አንድ ቀልዳቸው የአንድ ትልቅ ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። እሳቸውም አፋቸውን ሰብስበው ወደ ማሽላቸው ሄዱ።

ባለፈው መከር ለዝግጅታችን ይመለሱልን ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ማሽላው እሸት ይዞ ነበር፤ ማማው ላይ ወጥተው፣ ወንጭፋቸውን ይዘው ወፍ ይጠብቃሉ።

«ጋሼ ሷሊሕ፣ ምነው ቀልድ ተዉ?» አልኳቸው ከታች ሆኜ።

«ማን ተወ? ለግሪሳ እቀልዳለሁ። ግሪሳ ጥሩ ተመልካች ነው፤ ካልጣመው በሮ ይሄዳል፤ ቁጭ ብሎ አይገመግምም።»

«ሰዉ ናፍቆዎታል።»

«በላይነሽ፣ ሰዉ ይስቃል ወይ?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው ፈቃዱን ለእኔ አታውጪልኝ፤ ለሳቁ አውጪለት።»

እኔ ሞኟ ቀልድ መስሎኝ ስቄ፣ እሺ አሰኝቻቸው ተመለስኩ።

የዚያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም ነበራችሁ። ጣሪያው እንደ ምጣድ ግሏል። የፊተኛው ረድፍ ላይ ጓድ ደስታ ከአውራጃ ከመጡት እንግዳ ጎን ተቀምጠዋል። ጋሼ ሷሊሕ ወጡ። ያች የሰርግ ኮታቸው ከአመታት በፊት የተሰፋች ናት፤ አሁን ሰፍታቸዋለች። መጀመሪያ ስለ ግመል ቀለዱ፣ ቀጥሎ ስለ አማቶች። ሰዉ ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ፊት ጠጋ ብለው እንዲህ አሉ፦

«ጎበዝ፣ እኛን የቆላ ሰዎችን ማጨብጨብ ማንም አላስተማረንም። ግሪሳ ሲመጣ ማማ ላይ ወጥተን እናጨበጭባለን፤ ግሪሳው ይሄዳል። አሁን ደግሞ አዳራሽ እየገባን እናጨበጭባለን። እኔን የገረመኝ፣ እዚህ ስናጨበጭብ የሚሄድ የለም።»

ዝም አሉ። አንድ ትንፋሽ።

የአዳራሻችንን ደንብ ታውቁታላችሁ፤ ተናጋሪ ዝም ሲል የፊተኛው ረድፍ ያጨበጭባል፣ ከዚያ የኋላው ይከተላል። ጓድ ደስታ ከእንግዳው ጋር ሲንሾካሾኩ ነበርና ቀልዱን አልሰሙም፤ ዝምታውን ግን ሰሙ። ልማድ ነውና አጨበጨቡ! እንግዳው ተከተሉ። እናንተም ተከተላችሁ። ወይ ጉድ! እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም፤ ቆርቆሮው እስኪርገበገብ። መሐል ላይ ሲደርስ አንዳንዱ ሰው ምን እያባረረ እንደሆነ ገባው። እጆች አየር ላይ ቀሩ።

ከዚያ የሆነውን ከመጋረጃው ሥር ቆሜ አንድ በአንድ አይቼዋለሁ። ዘፋኛችን ሐምዲያ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ዋሽንት ነፊያችን ኢብሮ ያልወደቀ ነገር ፍለጋ አግዳሚ ሥር ገባ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ የጨው ነጋዴ ሳል ያዘው፤ ሳሉ እስከ ዛሬ የለቀቀው አይመስለኝም። ከቀወት የመጡ አንድ አዛውንት ብቻ «ኻ!» ብለው ሳቁ፤ ሚስታቸው ቆነጠጧቸውና ሳቁን ግማሽ ላይ ዋጡት።

ጋሼ ሷሊሕ ከመድረክ ሆነው ያዩት ግን ይህን አይደለም። እሳቸው ጭብጨባ ሰሙ፤ ቀጥሎ ዝምታ ሰሙ። በቃ። ቀልዱን ሳይጨርሱ ወረዱ። መጋረጃው ጀርባ፣ ከበሮ ላይ ቁጭ ብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«በላይነሽ፣ ሳቁ ወይ?»

ምን ልበላቸው? በሻሽ፣ በሳል፣ በአግዳሚ ሥር ሳቁ ልበላቸው?

«አርጅቻለሁ ማለት ነው» አሉ። ኮታቸውን አወለቁ።

በማግስቱ ደግሞ የእናንተ ነገር ተጀመረ! ቤቴ የመጣው ሰው ብዛት ሐዘን የተቀመጥኩ አስመሰለኝ። በሩን ትዘጋላችሁ፣ መስኮቱን ታያላችሁ፣ ከዚያ በሳቅ ትፈርሳላችሁ። ሐምዲያ፣ «ወላሂ እትዬ በላይነሽ፣ ጎኔን ወጋኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ባሌን ሳላስተኛው አደርኩ» አላልሽኝም? ኢብሮ፣ ቀልዱን በእሳቸው ድምፅ ደግመህ ደግመህ ነግረኸኝ፣ ራስህ ስቀህ ወንበሬን አልሰበርክም? አሁንም በገመድ ታስሮ ነው ያለው።

ሳምንት ሳይሞላ ግምገማ ተጠራ። ጋሼ ሷሊሕ መሐል ላይ ቆሙ። እኔም በጉጉት ጠበቅኩ፤ አሁን ትነግሯቸዋላችሁ፣ አሁን ሳቃችሁን ታወጡላቸዋላችሁ ብዬ። እኔ እጄን አውጥቼ «ሰዉ ስቋል» አልኩ። ምስክር አለሽ ወይ ተባልኩ። ወደ እናንተ ዞርኩ።

ሐምዲያ ተነሣች። «እኔ ልብስ ስቀይር ስለነበር አልሰማሁም።»

ኢብሮ ተነሣ። «ቀልዱ ይዘቱ አልጠራልኝም።»

አልጠራልኝም! ወንበሬ ይመስክር እንግዲህ!

ስለ ፍርሃታችሁ አይደለም የምናገረው። ፍርሃትን አውቀዋለሁ፤ ልጆች አሏችሁ፣ እንጀራ አላችሁ። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ሰውዬው እዚያ ቆመው ሲወቀሱ ቅር አላላቸውም፤ ወቀሳ ለምደዋል። ሐምዲያ «አልሰማሁም» ስትል ግን አንገታቸውን ደፉ። ያልተሳቀለት ቀልደኛ ማለት ምን ማለት ነው? ለቀስተኛ ያጣ ሬሳ ማለት አይደለም ወይ? እናንተ ቤታችሁ ገብታችሁ ሳቃችሁ፤ ሳቁ ግን የእሳቸው ነበር። ባለቤቱ ሳያየው በላችሁት።

ጓድ ደስታ፣ ብርቱካኑን ያስቀምጡት፤ ወደ እርስዎ መጣሁ።

ያን ሰሞን ለጡረታ ጉዳዬ አጣዬ ስሄድ በመሥሪያ ቤቱ መኪና አሳፈሩኝ፤ ውለታዎን አልረሳም። ጀውሃን እንዳለፍን ዞር ብለው፣ «እትዬ በላይነሽ፣ ያ ሰውዬ በትክክል ምን ነበር ያለው?» አሉኝ። ነገርኩዎ። ከዚያ፣ «እኔ ነኝ መጀመሪያ ያጨበጨብኩት?» አሉ። አዎ አልኩ። ጓዶች፣ ሾፌራችን ሁሴን መኪናውን ዳር አስያዘ። ጓድ ደስታ ወርደው፣ የግራር ግንድ ተደግፈው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። መንገደኛ የታመሙ መስሎት ውሃ አመጣላቸው! ሲመለሱም፣ «ይህ ነገር ከዚህ መኪና እንዳይወጣ» አሉን። ጓድ ደስታ፣ ነገሩ አልወጣም፤ እኔ ነኝ በጡረታ የወጣሁት።

ሁሴን፣ መሪህን የያዝክ አስመስለህ አታጎንብስ፤ መኪና ውስጥ አይደለህም።

ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ተቀምጦ ጋሼ ሷሊሕ ወደ መድረክ ይመለሱ ወይስ ማማቸው ላይ ይቅሩ የሚለውን ይወስናል። እኔ በዚያ ስብሰባ ድምፅ የለኝም፤ ብርድ ልብስ ነው ያለኝ። እናንተ ግን አላችሁ። ጀግና ሁኑ አልላችሁም። ቀልዱ ትክክል ነው በሉም አልላችሁም። «ሳቅሁ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ሦስት ፊደል። እሷን ካወጣችሁ ሰውዬው ይመለሳሉ። ባይፈቀድላቸው እንኳ እንዳላረጁ አውቀው ማማቸው ላይ ይወጣሉ።

ስንብቴ ይኸው ነው። ምርቃት በፕሮግራሙ ላይ አልተያዘም፤ ግን አላህም እግዜርም ጉባኤ አይጠብቁም። ማሽላችሁ ይዘርዝር፤ ወፍ አይድረስበት። የሮቢ ወንዝ በልኩ ይምጣ፣ በልኩ ይሂድ። ሐምዲያ፣ ድምፅሽ አይሰበር። ኢብሮ፣ ትንፋሽህ አይጠር፤ ወንበሬንም የምትጠግንበት ቀን ይስጥህ። ጓድ ደስታ፣ ከግራር ሥር ያየሁት ፊትዎ አዳራሽ ይግባ። ልጆቻችሁ በር ሳይዘጉ የሚስቁ ይሁኑ። እኔንም ስታነሡኝ በደግ አንሡኝ።

ቆይ፣ ቆይ! እጃችሁን አውርዱ! ለእኔ አታጨብጭቡ፤ ግሪሳ አይደለሁም፣ ብቻዬን መሄድ አውቃለሁ።

ምነው ጓድ ደስታ፣ ፊትዎን በመሐረብ ሸፈኑ? ሐምዲያ፣ ሻሹን ከአፍሽ አውጪው። አውጪው እንጂ! ኢብሮ፣ አግዳሚ ሥር ምንም አልወደቀም፤ ቀና በል። እሰይ! እንዲያ ነው!

ጋሼ ሷሊሕ፣ በሩ ጋ ያሉት፣ ይሰማሉ? ይኸ ጭብጨባ አይደለም።