ባለወተቱና የሰሊጡ ወተት

ሰው መምከር ሥራዬ ነበር። ጡረታ ሲያወጡኝ ደመወዙን ቀነሱብኝ እንጂ አመሉን አልወሰዱብኝም። ስለዚህ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት በዚያ ማለዳ ጋዜጣ ልገዛ ወጥቼ፣ ጭጋጉ ውስጥ ከባለወተቱ ጋር ፊት ለፊት ስንላተም፣ «መምህር፣ እግዜር ነው የላከዎት! ምክር ቸግሮኝ ነበር» ሲለኝ ብርዱንም ጋዜጣውንም ረሳሁ። ምክር የሚለምን ሰው በስንት ዘመን አንዴ ነው የሚገኘው?

ባለወተቱ ከሕንጻችን ምድር ቤት ባለችው መስኮት አርባ ዓመት ያህል ወተት ሲሸጥ የኖረ ጎረቤቴ ነው። በእድሜ እኩያዬ ቢሆንም «እርስዎ» መባባል ትተን አናውቅም። ያን ቀን የወተቱን ቢዶን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ፣ ዓይኔን ማየት ፈራ።

«ምን ሆነዋል ወዳጄ?» አልኩት።

«ባለቤቴ ልታልቅብኝ ነው» አለ። «ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ደሟን መረመሩ፣ ራጅ አነሷት። ‹የሚያሰጋ ነገር የለባትም፣ ትብላ› አሉኝ። እሷ ግን ጠዋት የምቀዳላትን ወተት ከጠጣች በኋላ እስከ ማታ እህል አትቀምስም። እጇን ስይዘው አጥንት ነው የምይዘው።»

«ወተቱን ግን ትጠጣለች?»

«እንዴታ! ከቢዶኑ የመጀመሪያው ኩባያ የሷ ነው፤ ከተጋባን ጀምሮ። ዛሬ ግን እስክትጨርሰው ሳልጠብቅ፣ ቀድቼላት ነው የወረድኩት። ታዲያ ይቺ የእህቷ ልጅ፣ ኮሌጅ ገባሁ ብላ እኛ ጋ የተቀመጠችው፣ ምን ትለኛለች? ‹የጎዳት ወተቱ ነው፤ ከሰሊጥና ከአጃ ቅመም ያለበት ትኩስ ነገር ልሥራላት!› በኔ በባለወተቱ ቤት! እባክዎ ይምጡና ይምከሩልኝ።»

እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን «ወተት ጠጡ» እያልኩ ያሰለቸሁ ሰው ነኝና ፍርዱን ደረጃው ላይ ጨርሼ፣ ንግግሬን እያሰማመርኩ ተከተልኩት።

ክፍሏ ትንሽ ናት። ባለቤቱ መስኮቱ ሥር ባለው ሶፋ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ኩባያው እንደሞላ አጠገቧ አለ። በዓይኗ ሰላም አለችኝ። ለድምፅ የሚሆን ጉልበት የቆጠበች ትመስላለች፤ ያን ጊዜ ነው ባልየው ለምን እንደፈራ የገባኝ። ከወጥ ቤቱ በር ላይ ደግሞ የእህቷ ልጅ ሚጣ ቆማለች። ሃያ ዓመት ሆኗታል፣ ስለ ምግብ ትማራለች፣ ግን የልጅነት ስሟ አልለቀቃትም።

«እንደምን አደሩ መምህር?» አለችኝ። «ሊፈርዱ ነው ሊሰሙ የመጡት?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ተማሪዬ ብትሆን ኖሮ ግን ከክፍል አስወጣት ነበር።

«አዩልኝ አፏን!» አለ ባለወተቱ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ለድፍረት አይደለም» አለችና ድምጿን አለዘበች። «ወተትዎን አልሰደብኩም። ንጹሕ ነው፤ ሰፈሩ ልጆቹን ያሳደገው በርስዎ ወተት ነው። ግን ሆድም እንደ ባለቤቱ ያረጃል። በልጅነቱ ወተትን እንደ ውሃ የሚፈጭ ሆድ፣ እድሜ ሲገፋ ብዙ ሰው ላይ ይደክማል። ያን ጊዜ ወተቱ ሳይፈጭ ይቀርና ይነፋል፣ ይቆርጣል። ጥፋቱ የላሟ አይደለም፤ የማንም አይደለም።»

«አርባ ዓመት የተስማማትን ዛሬ ምን አገኘውና ነው የማይስማማት?»

«የርስዎስ ዓይን አርባ ዓመት ያለ መነጽር ያይ አልነበር?»

ባለወተቱ መነጽሩን በጣቱ ገፋ አደረገ። እኔም ሳላስበው የኔን ነካሁ። ልጅቷ ነጥብ ማስቆጠሯን አይቻለሁ፤ ግን ሊመክር የመጣ ሰው ቶሎ አይረታም።

«ይሁን» አለ ባለወተቱ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ሰሊጥ ጡት አለው? ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ያንቺ ላም ጭራሽ የሰሊጥ ፌስታል ውስጥ ናት! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሻል ይሄ ነው።»

ባለቤቱ ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ሆዷን ሳያማት አልቀረም፣ ወዲያው እጇን ሆዷ ላይ ጫነች። ልጅቷ ያን አየች፤ እኔም አየሁ።

«ማታ ዘፍዝፌዋለሁ» አለች ሚጣ።

«ምኑን?»

«ሰሊጡንና አጃውን። እቃ ማጠቢያው ሥር፣ ክዳን ገጥሜ።»

«በቤቴ! ተደብቀሽ!»

ቁጣው ከመጋሙ በፊት ጣልቃ ገባሁ። «ወዳጄ፣ አንዴ የተዘፈዘፈ እህል ነው፤ አይደፋም። ትሥራውና እንየው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ ለቁርስ ይበቃ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

እውነቱን ለመናገር ያናገረኝ ጥበብ ሳይሆን ጉጉት ነው። ሦስታችንም ወጥ ቤት ገባን፤ ሁለት ሽማግሌና አንዲት ልጅ፣ ትከሻ ለትከሻ።

ሚጣ ሰሊጡን አጠበችና ከአጃው ጋር ጁስ መፍጫው ውስጥ ጨመረችው፤ ንጹሕ ውሃ አፈሰሰችበት፤ መፍጫው ጮኸ። ከዚያ ስስ ነጭ ጨርቅ ድስት ላይ ዘርግታ ገለበጠችው፣ አራቱን ጫፍ ሰብስባ አጠማዘዘች፣ ጨመቀች።

ወይ የፈጣሪ ሥራ! ከጣቶቿ መሃል ወተት ወረደ። ነጭ፣ ወፍራም ወተት፣ ድስቱን እየመታ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰሊጥ በልቻለሁ፤ ጥርሴ መሃል የምትገባ ቅንጣት ብቻ ትመስለኝ ነበር። ወፍ ለቅማ የምትሄዳት ፍሬ ይህን ሁሉ ይዛ ዝም ብላ ኖራለች? እግዜር ሀብቱን የት የት ነው የሚያስቀምጠው! አንገቴን አስግጌ አፌን ከፍቼ መቅረቴን ያወቅኩት ሚጣ ቀና ብላ ፈገግ ስትል ነው።

ባለወተቱ ወደ ድስቱ ጎንበስ አለ። ጠጋ አለ፣ አሸተተ። ከዚያ ጣቱን ነክሮ አንዲት ጠብታ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አሳረፈና ጥፍሩን ዘንበል አደረገ። ውሃ የገባበት ወተት ጥፍር ላይ አይቆምም፤ ይሸሻል። ጠዋት ጠዋት ወተት የሚያመጡለትን ሰዎች የሚፈትንበት መንገድ ይህ ነው። የሰሊጡ ጠብታ ክብ ሆና ቆመች።

«ቆመ» አለ በሹክሹክታ። «መምህር፣ ቆመ እኮ!»

ሚጣ ድስቱን ለስላሳ እሳት ላይ ጣደች። የተቀጠቀጠ ዝንጅብል፣ የቀረፋ እንጨት፣ ጥቂት ሄልና ቅርንፉድ ጨመረች። ለማጣፈጫ ፍሬው የወጣ ቴምር ፈጭታ ለወሰችበት። «ሲሞቅ አጃው ያወፍረዋል» አለች፤ «ማማሰል ከተዉት ግን ድስቱን ይይዛል። ሲንተከተክ ማውጣት ነው።» ሽታው ተነስቶ ክፍሉን ሞላው፤ የመስኮቱ መስታወት በእንፋሎት ተሸፈነ። እኔ ምራቄን ዋጥኩ።

ባለወተቱ ግን ከድንጋጤው ሲመለስ ኩራቱም አብሮት ተመለሰ።

«ነጭ ሁሉ ወተት አይደለም፤ ኖራም ነጭ ነው» አለ። «ደግሞስ ሰው ምን ይላል? ‹ባለወተቱ ለኛ ወተት እየሸጠ ሚስቱን የሰሊጥ ውሃ ያጠጣል፤ ወተቱን ቢያምነው ለሷ በሰጠ ነበር› አይሉም? ስሜ የቆመው በዚያ በመጀመሪያው ኩባያ ነው እኮ!»

ለካ ክርክሩ ስለ ሆድ አልነበረም! እኔም ልመልስለት አፌን ስከፍት ከኋላችን፣ «ስጪኝ» የሚል ድምፅ ሰማን።

ባለቤቱ ናት። ግድግዳውን ተደግፋ በሩ ላይ ቆማለች። በሌላው እጇ የወተቱን ኩባያ ይዛለች፤ እንደሞላ ነው።

«ይሄንን ዛሬ አልጠጣውም» አለችው። «አትቆጣኝ። ሆዴን እንደ ከበሮ ይወጥረኛል። እስከ ማታ ሌላ ነገር መቅመስ አልችልም።»

«ዛሬ ነው የጀመረሽ?»

«ዓመት አልፎታል።»

«ዓመት!» አለ ባለወተቱ። «ምነው አንቺ? ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? በዚህ ብርድ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስተህ፣ ለአንድ ሰው ሳትሸጥ በፊት ለኔ ትቀዳለህ። እስክጨርሰው ቆመህ ታየኛለህ። ስጨርሰው ፊትህ ይበራል። ያንን ፊት ላጥፋው? አንድ ቀን እንኳ ደፍቼብህ አላውቅም። እየቆረጠኝ ጠጣሁት። አንተ ስትወርድ ወደ ግድግዳው ዞሬ እጥፍ ብዬ እተኛለሁ።»

ባለወተቱ ያገኘው ነገር ላይ ቁጭ አለ፤ ባዶ ሣጥን ነበር። «በገዛ እጄ!» አለ። «ሳባብልሽ የኖርኩ መስሎኝ በገዛ እጄ!» እንባው በጢሙ ላይ ወረደ፣ አልጠረገውም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለስንት ልጆች አስተምሬያለሁ። ለባሏ ደስታ ብላ ሕመሟን የዋጠች ሴት ግን ሳይ ያ ሁሉ ያሰማመርኩት ንግግር ከአፌ ጠፋ። ለሁለቱም አዘንኩላቸው፤ ሁለቱንም አደነቅኳቸው።

ሚጣ ጭልፋውን ስታነሳ ባለወተቱ ተነሳ። «ተይው» አላት። «የሷን የምቀዳው እኔ ነኝ።»

በአዲስ ኩባያ ቀዳ። እንዳያቃጥላት እጁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ሞከረው። ሰጣትና እንደ ልማዱ ቆሞ ያያት ጀመር። እሷም ኩባያውን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ፉት እያለች፣ በዝግታ ጨረሰችው።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ይሞቃል» አለች። «እስከ እግሬ ጣት ድረስ ወረደ።»

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ባለወተቱ ደንበኞቹን መስኮት ላይ አስቁሞ በየደቂቃው ወደ ላይ እየወጣ፣ «ቆረጠሽ? ነፋሽ?» ይላታል። «ኧረ አንተ ነህ የነፋኸኝ!» አለችው በመጨረሻ። እኔም ኩባያ ደርሶኝ ስለነበር ዝንጅብሉ ግንባሬ ላይ ላብ አውጥቶ ተቀምጫለሁ፤ የምሄድበት ጉዳይ እንዳለኝ ትዝም አላለኝ።

«ሐኪሞቹ ይሄን እንዴት አጡት?» አለ ባለወተቱ።

«ሆዴን ያመኛል አላለቻቸውማ ጋሼ» አለች ሚጣ። «እርስዎ አጠገቧ ቆመው ነበር። አሁን ሄዳ ሁሉንም ትንገራቸው። ይሄ መድኃኒት አይደለም፤ ብርድ የሚያባርር፣ ሆድ ሳይጨንቅ የሚይዝ ቁርስ ነው። ከሱ በላይ ደግሞ እንደ ሰው ምግብ መብላት አለባት። ወተት የሚሰጠውን ሁሉ ሰሊጥ ብቻውን አይሰጥምና ከአትክልቱም ከጥራጥሬውም ያስፈልጋታል።»

ልጅቷን የወደድኳት ይህን ስትል ነው። አዲስ ነገር የሚያመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያመጣውን ያጋንናል፤ እሷ ግን ልኩን ተናገረች።

ከሳምንት በኋላ በመስኮቱ በኩል ሳልፍ ባለወተቱ ሲሰብክ ሰማሁት። «ሆድሽ ከተስማማው ወተቴን ውሰጂ፣ እንደ ወትሮው ንጹሕ ነው» ይላታል አንዲት ደንበኛውን። «ካልተስማማው ግን እንዳትታገዪው። ሰሊጥና አጃ ማታ ዘፍዝፊ፣ ጠዋት ፈጭተሽ ጭመቂ፣ በዝንጅብልና በቀረፋ አፍሊው። ለብርዱ ይሆናል፣ ሥራ የሚሄደውን እስከ ምሳ ያቆየዋል፣ አዛውንትም ልጅም ይጠጣዋል። አሠራሩን በነፃ አሳይሻለሁ። እኔ ራሴ ጨማቂ ሆኛለሁ!» ደንበኛዋ ሳቀች፤ ሊትሯንም ገዝታ ሄደች። የፈራው ሐሜት አልመጣም። «ሚስቱን የሚያውቅ ሰው ወተቱንም ያውቃል» ነው የተባለው።

እኔስ ምን ልጨምር? አንባቢ ሆይ፣ የሚወዱትን ሰው በለመዱት እጅ መመገብ መልካም ነው፤ ግን አልፎ አልፎ «ይስማማሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። የሚጠየቅም እውነቱን ይመልስ። ወጣትም የተማረውን ሲያመጣ እንደ ሚጣ አክብሮ ያምጣ፤ ሽማግሌም ጥፍሩ ላይ አድርጎ ይፈትን፤ ከቆመ ይቀበል።

ያን ዕለት ባለወተቱ መስኮቱ ላይ ሲያየኝ እጄን ይዞ ወደ ላይ ወሰደኝ። እጅጌውን ሰብስቦ ለነገ የሚሆነውን ሰሊጥ ሲለቅም፣ ከማዶው ክፍል ባለቤቱ ተጣራች።

«አንተ! ምሳው አልደረሰም እንዴ? ራበኝ!»

ባለወተቱ ቀጥ አለ። ሰሊጡ ከእጁ መሬት ላይ ተበተነ፤ አላየውም።

«ሰሙ መምህር?» አለኝ።

«ሰማሁ።»

«ምን አልሽ?» ብሎ ጮኸ።

«ራበኝ አልኩ! ጆሮህም አረጀ?»

ዳቦውን አነሳ፣ አስቀመጠ፤ የድስቱን ክዳን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመ፤ የሚያደርገው ጠፋው። በመጨረሻ በሩ ላይ ሄዶ ቆመና፣ «እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አላት።