ጎርፉ ቀረልን ያለው ማን ነው?

ከቆቦ እስከ ዋጃ፣ በታክሲ ወሬ እኔን ዝም ያሰኘ ሰው አልተወለደም። ትናንት ግን ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ገበሬና የጥናት ወረቀት የያዘች ሴት ተቀምጠው ሲነጋገሩ ትንፍሽ አላልኩም።

«አባባ፣ ለባቡሩ ሐዲድ የተቆለለው አፈር ከጎርፍ አድኗችኋል ይላል ጥናቱ።»

«ከምን? ወላሂ፣ ማሽላችን የሚበቅለው ያንኑ ጎርፍ ወደ ማሳችን ጠልፈን አይደል እንዴ!»

«ነዋሪው ‹ጎርፉ ቀረልን› ስላለ በሐዲዱ ሥር የውኃ ማሳለፊያ አይሠራም ይላል።»

«የትኛው ነዋሪ? መሬቴ ውኃ አጥቶ ተሰነጣጥቆ ልጆቼ ሊሰደዱ ነው!»

«የእርስዎም ስም አለበት።»

«የእኔ? ማን ጠየቀኝ? ያንን ጠያቂ ባገኘው፣ ባቡር ሳይጠብቅ በዚህ ዱላ አዲስ አበባ አስገባዋለሁ!»

ኮፍያዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት፤ የጥናቱን መጠይቅ ቆቦ ሻይ ቤት ተቀምጬ በገበሬዎቹ ስም የሞላሁት እኔ ነኝ።