የአባ ሙጫ አውራ ጣት

መጽሐፍ ጠራዡን ሰፈርተኛው ሁሉ «አባ ሙጫ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ጣቶቻቸው ከዓመት እስከ ዓመት ሙጫ ስለሚለብሱ ብቻ አይደለም፤ አንዴ የተናገሩትን ነገር ይዘው የማይለቁ ሰው ስለሆኑም ጭምር ነው። ዕድሜያቸው ስልሳ ስድስት ነው። አርባውን ዓመት ያሳለፉት አንዲት መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የተገነጠለ ሲሰፉና የላላ ሲያጠብቁ ነው።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አንዲት ወጣት በዚያች ክፍል በር ላይ ቆመች። ገጹ የተበታተነ ትልቅ መዝገብ በሁለት እጇ ታቅፋለች። የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ሁልጊዜ የምታሠራበት ጠራዥ ቤቱን ዘግቶ ስላገኘችው፣ መንገድ ላይ ጠይቃ ነው እዚህ የደረሰችው። እንዲህ ያለውን መገጣጠም ሰው አጋጣሚ ይለዋል፤ አባ ሙጫ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «የላካት አለ» ነው የሚሉት።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ? ይህን መዝገብ እስከ ሰኞ ያደርሱልኛል?»

«እኔማ ባደረስኩልሽ፣ ልጄ። እጄ እምቢ አለኝ እንጂ፤» አሉና ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው ስር አወጡት።

አውራ ጣታቸው በሙጫ መጥረጊያ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አንጓቸው ላይ ደግሞ የመጽሐፍ መስፊያ ክር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ከክሩ ወዲህ ያለው እጅ ጠቆር ብሎ አብጧል።

«ምን ሆነው ነው?»

«ማክሰኞ ወስፌ ወጋኝ። ወስፌ ሲወጋኝ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ የአሁኑ ግን አበጠ፣ ጋለ፣ ጠዘጠዘኝ። በመርፌ ጠቅ አድርጌ ጨመቅኩት፣ ባሰበት። ቤንዚን አደረግሁበት፣ ባሰበት። ባለቤቴ ለጥርሷ ታዞላት ከተረፈው ክኒን ሁለት ዋጥኩ፣ እሱም ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ወደ ላይ እንዳይወጣ አሰርኩት።»

ወጣቷ መዝገቡን አስቀምጣ ጠጋ አለች። «ክሩን ልፍታው?»

«ተይ! በሽታውን መንገድ የዘጋሁበት እኮ በእሱ ነው።»

«መንገድ የዘጉት በሽታው ላይ አይደለም፣ አባባ። ሊረዳዎት በሚሮጠው ላይ ነው።»

አባ ሙጫ ሳቅ አሉ። «የኔ ልጅ፣ እኔ የስንቱን ሐኪም መመረቂያ ጽሑፍ የጠረዝኩ ሰው ነኝ። ሕክምና ልታስተምሪኝ ነው?»

«ጠረዙት እንጂ አነበቡት?»

ሽማግሌው ፈገግታቸውን መደበቅ አልቻሉም። እጃቸውንም ዘረጉላት። ነገረ ሥራዋን ስናየው፣ ያሸነፈቻቸው በዕውቀቷ ሳይሆን በትሕትናዋ ነበር ማለት ይቻላል፤ የምትናገረው ጎንበስ ብላ፣ የታመመውን እጅ እንደ ሕፃን ደግፋ ነበርና። ክሩን በመቀስ ቆረጠችው።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሚያናድደኝ ቁስሉ አይደለም። ሰውነቴ ከዳኝ። በጉልበቴ ዘመን እንዲህ ያለውን ነገር ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ዛሬ ለአንዲት ወስፌ ተንበረከከ።»

«አልከዳዎትም። ይህ እብጠት የማን ሥራ ይመስልዎታል?»

«የበሽታው ነዋ!»

«የእርስዎ ነው። ወስፌው ሲገባ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ይዞ ገባ። ያን ጊዜ ሰውነትዎ ደም ወደ ጣትዎ አጎረፈ፤ ትኩሳቱና ቅላቱ ከዚያ ነው። የደም ሥሮቹም ግድግዳቸውን አላልተው ውሃማውን የደም ክፍል አሳለፉ፤ እብጠቱ ከዚያ ነው። ነጭ የደም ሴሎች የሚባሉ ተዋጊዎችም በላላው ግድግዳ ሾልከው ወጡ። ሕመሙስ ቢሆን ‹ይህን እጅ አሳርፈው› ማለቱ እኮ ነው።»

«ብርድ ብርድ የሚለኝስ? ትላንት ማታ በሁለት ጋቢ ውስጥ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነበር።»

«እሱም ትእዛዝ ነው። ሰውነት ራሱን ያግላል፤ ሲግል ለተህዋስያኑ መራባት ይከብዳቸዋል፣ የእኛዎቹ ይበረታሉ። ግን ሲበዛ ራሱን ባለቤቱን ይጎዳል፤ ስለዚህ ዝም ተብሎ አይታለፍም።»

አባ ሙጫ ነገሩን ጥቂት አላመጡና እንደ ልማዳቸው ያዙት። «እንግዲያው ሰውነቴ ይህን ሁሉ የሚያደርግልኝ ከሆነ ሐኪም ምን ይሠራልኛል? ይተወውና ይዋጋ!»

«ቤትዎን ሌባ ቢሰብረው፣ ብርቱ ልጆች አሉኝ ብለው ‹ኡኡ› ከማለት ይቀራሉ?»

«አልቀርም።»

«ሰውነትዎም ኡኡ እያለ ነው። እስቲ እጅጌዎን ይሰብስቡት።»

ሰበሰቡ። ከአንጓቸው ተነሥቶ በክንዳቸው ውስጠኛ በኩል እስከ ክርናቸው የሚዘልቅ ቀይ መስመር ነበር፤ በቀይ እርሳስ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ብብታቸውን ሲዳስሱት ደግሞ ንፍፊት እንደ ባቄላ ፍሬ ተቋጥሮ አገኙት።

«ንፍፊቱ የተዋጊዎቹ ሰፈር ነው፤ እዚያ ይበዛሉ፣ መንገዱንም ይጠብቃሉ። መስመሩ ግን ጠላት ወደ እነሱ እየገሰገሰ መሆኑን ይናገራል። ካለፋቸው ደም ውስጥ ይገባል። አባባ፣ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።»

ሽማግሌው መስመሩን በግራ ጣታቸው ተከትለው እስከ ክርናቸው ሄዱ። ዕድሜ ልካቸውን መስመር ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይሄኛውን ግን ያሰመሩት እሳቸው አልነበሩም። ፊታቸው ተለወጠ። ያን ጊዜ ወደ መኖሪያ ቤታቸው የሚያስገባውን የጓዳ በር ከፍተው ባለቤታቸው ብቅ አሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰማህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ አፌ እስኪደርቅ ነገርኩህ! ይኸው ካፖርትህ።»

ሁለት ሴቶች በአንድ ጊዜ የመጡበት ወንድ ወዴት ያመልጣል? ሄዱ።

የጤና ጣቢያው ሐኪም መስመሩን ሲያይ ጊዜ አላጠፋም፤ ወዲያው አስተኝቷቸው በደም ሥራቸው መድኃኒት ጀመረላቸው። ጣታቸውን አደንዝዞ በንጹሕ ምላጭ ሰንጠቅ አደረገው፤ መግሉም ወጣ። ከመግሉ ጥቂት ተቀንሶ ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስደው እንደሆነ ሲጠየቁ «በልጅነቴ ይሁን በሕልሜ እንጃ!» ስላሉ እሱንም ተወጉ።

«የያዘኝ መንጋጋ ቆልፍ ነው እንዴ?» አሉ ደንግጠው።

«አይደለም፤» አላቸው ሐኪሙ። «ክትባቱ ሰውነትዎ ጠላቱን ሳይመጣበት አስቀድሞ እንዲያውቀው ነው። አንዴ ያወቀውን ደግሞ ለብዙ ዘመን አይረሳም።»

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ መስመሩም ደበዘዘ። ወደ ቤት ሊሄዱ ሲሉ ያቺ ወጣት ወደ ላቦራቶሪ ጠርታ ከማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ከጣትዎ የወጣው መግል ነው። እንዲታይ ቀለም ቀብቼዋለሁ።»

አባ ሙጫ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱ። መጀመሪያ ያዩት የራሳቸውን ሽፋሽፍት ነበር። ቀጥሎ ክብ ክብ ነገሮች ታዩአቸው፤ በየውስጣቸው ሐምራዊ ፍሬ አለ። በመካከላቸው እንደ ወይን ዘለላ የተቃቀፉ ጥቃቅን ነጥቦች ተበትነዋል። ከክቦቹ አንዱ ነጥቦቹን በሆዱ ይዟል።

«ነጥቦቹ ናቸው ጠላት?»

«አዎ።»

«ትላልቆቹስ?»

«የእርስዎ ተዋጊዎች ናቸው። ይሄኛው ጠላቱን ውጦ ሞቷል። መግል የምንለው በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመሣሪያው ሳያነሡ በግራ እጃቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ስንት ይሆናሉ?»

«በሚሊዮን ነው የሚቆጠሩት።»

«እኔ ደግሞ ቆሻሻ ነው ብዬ ስጨምቃቸው ነበር! ከዳኝ ብዬ ስረግመው!» ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ስልሳ ስድስት ዓመት ሲሞቱልኝ አንድ ቀን ተመስገን ብዬላቸው አላውቅም።»

የታዘዘላቸውን ክኒን አንድ ሳያስቀሩ ጨረሱት፤ «ተሽሎህ የለም እንዴ?» ላላቸው ሁሉ «እኔን ተሻለኝ እንጂ ውጊያው መቼ አለቀ!» ይሉ ነበር። የተረፈ መድኃኒት ከዚያ ወዲህ በቤታቸው አልተገኘም። ወስፌ ሲወጋቸው በሳሙናና በብዙ ውሃ ያጥባሉ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍናሉ፤ ካበጠ ወይም ከጋለ ወደ ሐኪም ይሄዳሉ። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ቀላል ነገር የሚገኘውን ጥቅም እይ፤ ጣት ይተርፋል፣ በጣት የሚኖር ቤተሰብ ይተርፋል፣ ባለ ጣቱም ይተርፋል።

ከወር በኋላ አባ ሙጫ በዳነ እጃቸው የሰፉትን መዝገብ ይዘው ላቦራቶሪ መጡ። ጥቂት ሲያመነቱ ቆይተው ወጣቷን «እነዚያን ልጆች አንዴ ልያቸው?» አሏት።

«የሉም፣ አባባ። ሥራቸውን ጨርሰዋል። በቦታቸው ሌሎች ገብተዋል።»

«ታዲያ የሞቱትን በምን ላመስግን?»

ወጣቷ ወደ ቧንቧው ጠቆመቻቸው። «እጅዎን ይታጠቡ። በቦታቸው ለገቡት ሸክሙን ያቀሉላቸዋል።»

አባ ሙጫ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቧንቧውን ከፈቱ። እያንዳንዱን ጣት፣ እያንዳንዱን ጥፍር ለየብቻ በሳሙና አሹ። ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ እሳቸው ግን አልቸኮሉም።