ልጄ ያስጠበቀችኝ ተራ

የወረዳው ቢሮ ለሠራተኞቹ ዕድገት ከመስጠቱ በፊት ከብልባላ የሄድነውን ባለጉዳዮች ሰብስቦ አስተያየት ጠየቀን። የአሠራር ጥራት የሚጠበቀው እንዲህ ነው አሉን። የመሬት ክፍል ሠራተኛዋ ልጄ ናት፤ ዕድገቱን ስትጠብቅ ነበር። ጎረቤቶቼ እኔን እያዩ አወደሷት። ብዙ መናገር አልወድም፤ ያን ቀን ግን ተነሣሁ።

«ሥራውን ታውቃለች፤ ሰውን ግን ፀሐይ ላይ አቁማ ታውላለች።»

«አባቷ አይደሉም እንዴ?» አለኝ ኃላፊው።

«ባለጉዳይም ነኝ።»

ዕድገቱ ለጊዜው ቀረ፤ ልጄም አኮረፈችኝ። ከርሜ ለይዞታ ደብተሬ ስሄድ በሯ ላይ ዳስ ተጥሎ፣ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ሰውን አልፌ ልገባ ስል ቀና አለች።

«አባባ፣ እዚያ ይቀመጡ። ተራዎ ሲደርስ እጠራዎታለሁ።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጥላው ሥር ተቀምጬ፣ ተራዬ ባይደርስ ብዬ ሁሉ ተመኘሁ።