ሲስተር ትርንጎ በራሷ የእጅ ጽሑፍ ላይ የሰጠችው ቃል

የምስክር ሙሉ ስም፦ ሲስተር ትርንጎ ወልዴ በርጋ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ ነርስ
አድራሻ፦ ወልቂጤ ከተማ፣ ጉብሬ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ቡታጅራ ከተማ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
የግል ተበዳይ፦ ወ/ሮ አደይ ተካ
ተጠርጣሪ፦ አቶ ዘመድኩን ወልደአማኑኤል (የግል ተበዳይ ባለቤት)
ቃሉን የተቀበለችው፦ ዋና ሳጅን ሃፊዛ ሙስተፋ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ከግል ተበዳይዋ ከአደይ ጋር የምተዋወቀው ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የተወለድኩት ጉንችሬ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቡታጅራ ይነግድ ስለነበር ዘጠነኛ ክፍል ልማር እሱ ዘንድ መጣሁ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ወንድሜ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የተከራያትን አንዲት ክፍል ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። አደይ ከመስቃን ገጠር ለትምህርት መጥታ ማረፊያ አጥታ ስለነበር አብራኝ ገባች። ሁለት ዓመት በአንድ አልጋ ተኝተናል። እናቴ ከጉንችሬ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ትልክልናለች፤ ከእነ አደይ ቤት ደግሞ በርበሬ ይመጣል። በርበሬው አልጋችን ሥር ስለሚቀመጥ በራችን ላይ የደረሰ ሰው ሁሉ ያስነጥሰው ነበር። የደንብ ልብስ ሹራብ የነበረን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እሷ የጠዋት፣ እኔ የከሰዓት ፈረቃ እንድንሆን ለምነን ተፈቀደልን። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ላይ ተገናኝተን ሹራቡን አውልቃ ትሰጠኛለች። የእሷ ሙቀት ሳይወጣለት ነበር የምለብሰው። የእኔ አማርኛ በጉራጊኛ ቅላጼ የታሸ ነበር። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንድ ተማሪ አነጋገሬን እየደጋገመ ሲስቅብኝ አደይ ወደ እሱ ዞራ፣ «አንተ በእሷ ቋንቋ ስንት ቃል ታውቃለህ?» ብላ ዝም አሰኝታዋለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ተከራይቻለሁ፤ እንደዚያች ክፍል ግን የሚናፍቀኝ የለም። ሳጅን ሃፊዛ ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቃኛለች። ይህ ካልተነገረ ኋላ የሠራሁት ጥፋት ክብደቱ አይታወቅም ብዬ መልሻለሁ።

አደይ በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ተጠርጣሪውን ስታገባ ሚዜዋ ነበርኩ። አቶ ዘመድኩን በከተማው የእንጨት ሥራ ቤት ያለው፣ በዕድርም በሠፈርም የተከበረ ሰው ነው። እኔም አከብረው ነበር። ነርስ ሆኜ ቡታጅራ ስመደብ ደስ ያለኝ አንዱ ምክንያት እነሱ እዚህ መኖራቸው ነው።

ዓርብ ኅዳር 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ተረኛ ሆኜ ሳለ አደይ ከባለቤቷ ጋር ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። የገበያ ቀን ስለነበር ታካሚ ብዙ ነበር። የግራ እጇ አንጓ አብጦ ነበር። ምን እንደደረሰባት ስጠይቅ የመለሰልኝ ባለቤቷ ነው። «ከቆጥ ላይ ዕቃ ስታወርድ ወድቃ ነው» አለኝ። እጅጌዋን ስሰበስብ ከክርኗ በላይ አራት ጣት የሚመስል፣ ቢጫ መሆን የጀመረ የቆየ ሰንበር አየሁ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ባለቤቷን ውጣ አላልኩትም። እሷንም ለብቻዋ አልጠየቅኋትም። እንዲያውም እየሳቅሁ፣ «አንቺ እኮ ድሮም ችኩል ነሽ» አልኳት። እሷም ፈገግ አለች። በካርዱ ላይ «ከቆጥ በመውደቅ የደረሰ ጉዳት» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ሰንበሩ ምንም አልጻፍኩም። እጇ በፋሻ እንዲታሰርላት ስትነሳ አደይ ቀስ ብላ፣ «ያቺ ክፍላችን አሁንም አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምን ትኖራለች፤ ፈርሳ ፎቅ ተሠርቶባታል» አልኳት። ትዝታ የምታነሳ መስሎኝ ነበር። እጇ ከታሰረላት በኋላ ከባለቤቷ ጋር ሄደች።

በ2012 ዓ.ም. ወደ ወልቂጤ ተዛወርኩ። ከአደይ ጋር በበዓል ቀን ብቻ በስልክ እንገናኝ ነበር። ስልኩን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው ባለቤቷ ነው።

በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች አገልግሎት ለምንሰጥ ነርሶች፣ ፖሊሶችና ማኅበራዊ ሠራተኞች ወልቂጤ ላይ የአምስት ቀን ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኟ ወ/ሮ ሊዲያ ትባላለች። በሁለተኛው ቀን ስለ ስውር አድልዎ፣ ማለትም ሰው ሳያውቀው በልቡ ይዞት ስለሚዞረው ፍርድ፣ ስታስተምረን ሁለት ወረቀት አደለችን። በሁለቱም ላይ ክንዷ ላይ ሰንበር ያለባት፣ እጇ የተሰበረ ሴት ታሪክ ተጽፏል። አንደኛዋ መጠጥ ቤት የምትሠራ፣ ሁለተኛዋ የተከበረ ሰው ሚስት ናት። ለእያንዳንዷ መጀመሪያ የምንጠይቀውን እንድንጽፍ አዘዘችን። ለመጀመሪያዋ አብዛኞቻችን የጻፍነው «ጠጥተሽ ነበር?» የሚል ነው። እኔም እንዲሁ ጽፌአለሁ። ለሁለተኛዋ ግን ወረቀቴን ባዶ ትቼው ነበር። ሊዲያ በአጠገቤ ስታልፍ አይታ፣ «ሲስተር፣ ይቺን ለምን ምንም አልጠየቅሻትም?» አለችኝ።

«ሰውየውን የማውቀው መሰለኝ» አልኳት።

ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ የአደይ ክንድ በዓይኔ መጣብኝ። ክፍላችን አለች ወይ ያለችኝ ስለ ድሮው ልታወራኝ ፈልጋ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። የምታድርበት ቦታ እየጠየቀችኝ ነበር። ከአዳራሹ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ብዙ ቆየሁ። በዚያን ቀን ወደ ሥልጠናው አልተመለስኩም።

እሑድ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ቡታጅራ ሄጄ አደይን ብቻዋን አገኘኋት። ስናወራ ቀኝ ጆሮዋን ወደ እኔ እያዞረች ነበር፤ ግራው አይሰማም። የ2011ን ነገር አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ያን ቀን እሱን አስወጥተሽ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማን ያምነኛል ብዬ ተውኩት» አለችኝ። እንድትከስ አልገፋፋኋትም። በሥልጠናው ከተማርኩት አንዱ ጊዜውን የምትመርጠው ራሷ መሆኗን ነው። የት የት አቤት ማለት እንደምትችል ነገርኳት። የቤቴን ትርፍ ቁልፍም ሰጠኋት። «ልጄ መጀመሪያ ፈተናዋን ትጨርስ» አለችኝ።

እሑድ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 5 ሰዓት አደይ ከልጇ ከሃኒ ጋር በሚኒባስ ወልቂጤ ገባች። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሬን ከፍተው ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊቷ በግራ በኩል አብጦ ነበር፤ ከንፈሯም ተሰንጥቋል። ባለቤቷ በዋዜማው ቅዳሜ በዱላ እንደመታት ነገረችኝ። ድብደባውን እኔ በቦታው ሆኜ አላየሁም። ወደምሠራበት የጤና ተቋም ወሰድኳት፤ ጓደኛዋ ስለሆንኩ ግን ምርመራውን ያደረገችው አብራኝ የሠለጠነችው ሲስተር ሳሌሃ ናት። ሳሌሃ በሩን ከመዝጋቷ በፊት፣ «እህቴ፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ማን ነው የጎዳሽ?» ስትላት ሰማሁ። አደይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገረች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ያችን አንዲት ጥያቄ በልቤ ስደጋግም ነበር። ለመጠየቅ የሚፈጀው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው።

አደይ በማግስቱ ለፖሊስ አመለከተች። አሁን እሷና ልጇ እኔ ቤት ይኖራሉ። ሃኒም ወልቂጤ ትምህርት ጀምራለች።

የተጠርጣሪው ወገን የ2011ን ካርድ ቅጂ አቅርቦ አደይ ቀድሞም መውደቅ ልማዷ ነው ማለቱን የሰማሁት በዚህ ወር አጋማሽ ነው። ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት አቶ ኤልያስ የተባሉ የተጠርጣሪው ጎረቤት ወልቂጤ ድረስ መጥተው አነጋገሩኝ። በክፋት አልመጡም፤ በእነ አደይ ሠርግም ላይ ነበሩ፤ ያን ቀን እንዴት እንደጨፈርን እያነሱ ብዙ አጫወቱኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሰማኋቸው። ሲነሱ ግን፣ «ልጄ፣ እጅሽ የጻፈውን አፍሽ አያፍርሰው። እንጀራሽም ይቀራል፣ ትዳርም ይፈርሳል» አሉኝ።

«አባባ፣ እጄ የጻፈው የተነገረኝን ነው። ዓይኔ ያየውን አልጻፈም» ብያቸዋለሁ። ካርዱን አጓድዬ መጻፌንም ትናንት ለመሥሪያ ቤቴ በጽሑፍ አሳውቄአለሁ። ለዚህ የሚመጣብኝን ቅጣት እቀበላለሁ።

በካርዱ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍና ፊርማ የእኔ መሆኑን ዛሬ ቅጂውን አይቼ አረጋግጫለሁ። በቃሌ ውስጥ በዓይኔ ያየሁትን ከተነገረኝ ለይቼ ተናግሬአለሁ። ቃሉ ከተጻፈ በኋላ ድምፅ እየተሰማ ተነቦልኝ የተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ኅዳር 7 ቀን 2011 የጻፍኩትና ዛሬ የተናገርኩት በሚጋጩበት ቦታ ሁሉ፣ እውነቱ የዛሬው ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ትርንጎ ወልዴ (ፈርማለች)
ቃሉን የተቀበለችው፦ ዋና ሳጅን ሃፊዛ ሙስተፋ (ፈርማለች)
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡10