የራስጌው ገመድ

(ኤድንብራ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ። ሐኪም ተስፋ የቆረጠባቸው አዛውንቱ ጠበቃና የቀድሞ የምክር ቤት አባል ሌርመንት፣ በአገሩ ልማድ ሬሳ ሣጥናቸውን በስምንት ገመድ ይዘው ወደ ጉድጓድ የሚያወርዱትን ስምንት ሰዎች ለቤት ሠራተኛቸው ለግሪዘል እያስጻፉ ነው።)

ግሪዘል፦ አሁን የጠሯቸው ሰው አይሆኑም፣ ጌታዬ። ጥቅምት ላይ ሞተዋል።

ሌርመንት፦ ማን ነገረሽ?

ግሪዘል፦ እርስዎ። የሐዘኑን ደብዳቤ ያስጻፉት እኔን ነው። ሥራ ስለበዛብኝ ቀብር አልደርስም ብለው።

ሌርመንት፦ ሰርዢው። ዳኛ ኪንሎክን ጻፊ።

ግሪዘል፦ በሰው ፊት አህያ ያሏቸውን?

ሌርመንት፦ ሕግ አያውቅም ለማለት ነው።

ግሪዘል፦ እሳቸው የሰሙት አህያውን ነው።

ሌርመንት፦ አራት ሺህ ሰው መርጦኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ስምንት ይጠፋል?

ግሪዘል፦ ድምፅ ሰጡ እንጂ ትከሻ አልሰጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። የእኛ ድር ሦስት ክር ነው፤ ጸሐፊዎ፣ ጫማ ሰፊው፣ ሐኪሙ። ሐኪሙንም ጉልበቱን ያመዋል።

ሌርመንት፦ ሰው የለኝም፣ ግሪዘል።

ግሪዘል፦ ለቀባሪ አረዱት። በሩን የምከፍተው እኔ አይደለሁ? ከፋሲካ ወዲህ ያንኳኳ የለም።

ሌርመንት፦ የራስጌውን ገመድ ባዶ ተይው። እሱ የሥጋ ዘመድ ድርሻ ነው።

ግሪዘል፦ ወንድምዎ አሉ አይደል?

ሌርመንት፦ ዋልተር አይመጣም።

ግሪዘል፦ በእናታችሁ ቀብር የራስጌው ገመድ የበኩሩ ነው ብለው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝናብ እየወረደባቸው ጠብቀውዎታል።

ሌርመንት፦ ለንደን ሕግ የሚጸድቅበት ቀን ነበር።

ግሪዘል፦ የምን ሕግ?

ሌርመንት፦ የዓሣ መረብ።

ግሪዘል፦ ጸደቀ?

ሌርመንት፦ በአርባ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ... ገመዱን ማን ያዘው?

ግሪዘል፦ መቃብር ቆፋሪው። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው።

ሌርመንት፦ አንቺ በምን አወቅሽ? ሴት ጉድጓዱ ድረስ አትሄድም።

ግሪዘል፦ የይቅርታ ደብዳቤዎን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁ።

ሌርመንት፦ ለዋልተር ጻፊለት። ለምኜዋለሁ በይው።

ግሪዘል፦ ባለፈው ሳምንት ጽፌላቸዋለሁ።

ሌርመንት፦ ሳልነግርሽ? ... ምን መለሰ?

ግሪዘል፦ የእናቴን ገመድ የያዘው ሰው አልሞተም፣ እሱን ለምኑ ብለዋል።

ሌርመንት፦ እንግዲያ እሱን ጻፊ። ስሙን ታውቂዋለሽ?

ግሪዘል፦ አባቴ ናቸው፣ ጌታዬ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ስኖር፣ የማን ልጅ ነሽ ብለው አያውቁም።

ሌርመንት፦ ... ጻፊው።

ግሪዘል፦ አባቴ እሺ ካሉ።