ተጣብቆ የቀረው የዘይት ጌጅ

(አርሲ፣ አንዲት የስንዴ መንደር፤ ረፋድ ላይ፣ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር። ባሏ የሞተባት አስካለ ከአሮጌው ትራክተር ላይ የዘይት ጌጁን፣ የሞተሩን ዘይት ግፊት የሚያሳየውን ባለ ቀስት መለኪያ፣ እንዲነቅልላት መካኒኩን በዳሳን አስጠርታዋለች።)

አስካለ፦ ምታው እንጂ ጋሽ በዳሳ! በመዶሻ ምታውና ይውጣ!

በዳሳ፦ ጥርስ ነቃይ አደረግሽኝ እንዴ? ዳዶው ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ነጭ ጋዝ አፍስሼበታለሁ፤ ትንሽ ይጠጣ።

አስካለ፦ ከጧት ጀምሮ እየጠጣ ነው። ሰካራም እንኳ ይበቃው ነበር።

በዳሳ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ደግሞስ ምን ሆነ ብለሽ ነው የምታስነቅይው?

አስካለ፦ ተበላሽቷል።

በዳሳ፦ ማን አለ?

አስካለ፦ እኔ።

በዳሳ፦ አሁን ሞተሩን ሳስነሳው አላየሽም? ቀስቱ እንደ ጎረምሳ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። የተጣበቀው ወገቡ ነው እንጂ ሥራውስ ደህና ነው።

አስካለ፦ ደህናም ይሁን። ይውጣልኝ።

በዳሳ፦ ልጅሽ እሸቱ ያውቃል?

አስካለ፦ ገበያ ልኬዋለሁ።

በዳሳ፦ አያውቅም ማለት ነው።

አስካለ፦ ገበያ ልኬዋለሁ ማለት ነው።

በዳሳ፦ አንቺ ሴት፣ ይመኑ ባልሽ ብቻ አልነበረም፤ የእኔም ጓደኛ ነበር። ይሄን ብረት አብረን ስንት ጊዜ ፈትተን ገጥመነዋል። ልጅሽ ነገ የላይኛውን ተዳፋት ሊያርስ ቃል ገብቷል፤ አንቺ ዛሬ ጌጅ ታስነቅያለሽ። ነገሩ ምንድን ነው?

አስካለ፦ ምኑን ልንገርህ? ይመኑ ጧት ጧት መስታወቱን በጣቱ ቆርቆር ያደርግና፣ ቀስቱ ሲወጣ ካላየ ማርሽ አይነካም ነበር። “ጌጅ ከሌለ እርሻ የለም” ይል ነበር። እንግዲህ ጌጅ አይኖርም።

በዳሳ፦ እና ትራክተሩ ይቆማል ብለሽ ነው?

አስካለ፦ አይቆምም?

በዳሳ፦ የግድግዳ ሰዓት ስላወረድሽ ፀሐይ ትቆማለች? እሱ የይመኑ ሕግ ነው፤ የሞተሩ ሕግ አይደለም። እሸቱ ጌጅ ኖረም አልኖረም አስነስቶት ይሄዳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው! ልጁን ራሱን አትሂድ በይው።

አስካለ፦ ብዬዋለሁ። “እሺ እማዬ” ይላል። አባቱም እሺ ይል ነበር። እሺ ብሎኝ ወጥቶ ነው እዚያ ተዳፋት ላይ ይሄ ትራክተር የተገለበጠበት።

በዳሳ፦ ነፍሱን ይማረው። አንቺም እኮ አልቅሰሽ ቢወጣልሽ ጥሩ ነበር።

አስካለ፦ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይለኛል። አይመጣም። ተጭነውት ያደሩት እጅ እንዴት ይደነዝዛል? ሁለመናዬ እንደዚያ ነው። መፍቻውን አጥብቀህ ያዘው፤ ዳዶው ተንቀሳቀሰ።

በዳሳ፦ እውነትሽን ነው... ና... ና የኔ ጌታ... ወጣ!

አስካለ፦ እጅህ ላይ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?

በዳሳ፦ ዘይት ነዋ። በዚች ቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ይመጣል። አፏን ካልደፈንኳት ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ተረጭቶ ያልቃል። ሞተሩም ደርቆ ይነክሳል፤ ተጣብቆ ይቀራል።

አስካለ፦ ከዚያስ?

በዳሳ፦ ከዚያማ ለቁራሌው ነው።

አስካለ፦ አትድፈናት።

በዳሳ፦ ምን አልሽ?

አስካለ፦ ክፍቷን ተዋት።

በዳሳ፦ እኔን ሞተር ግደል ትይኛለሽ? ዕድሜ ልኬን ሳድን ኖሬ?

አስካለ፦ ለሞተር ለቅሶ አይቀመጡም፣ ጋሽ በዳሳ። ድንኳንም አይተከልለትም።

በዳሳ፦ እንግዲያው እኔም አልደብቅሽ። እሸቱ በቀደም ጋራዥ መጥቶ፣ “ይሄ ትራክተር የቆመ ቀን እኔም እዚህ አልቆምም” ብሎኛል። ደላላ አናግሯል። በጅቡቲ አድርጎ ዓረብ አገር ሊሻገር።

አስካለ፦ እሸቱ?

በዳሳ፦ እሸቱ። እዚሁ አርሶ ይብላ ብዬ ነው ይሄን ብረት እየጠጋገንኩ ያቆየሁልሽ።... አስካለ? ተቀመጪ እስቲ።

አስካለ፦ መቆሙ ይሻለኛል። ትራክተሩ ሜዳ ላይስ ይገለበጣል?

በዳሳ፦ ሜዳ ላይማ እንደ በግ ነው። ጠባዩ የሚከፋው ተዳፋት ላይ አግድም ሲነዱት ነው።

አስካለ፦ የሜዳ ሥራ የለም?

በዳሳ፦ ሞልቶ! የታች ማሳ ሁሉ ወረፋ ይዞ ይጠብቀዋል። ግን የወጣት ነገር፤ አባቱ የወደቀበትን ካላረሰ ወንድ የሆነ አይመስለውም። ሰዉም ያሟሙቀዋል፤ “የይመኑ ልጅ አይፈራም” እያለ።

አስካለ፦ ያሟሙቁት። ሲሞት ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ። ይሄ ከጎማው በላይ ያለው ሰፊ ብረት፣ ምን ትሉታላችሁ?

በዳሳ፦ ፓራፋንጎ።

አስካለ፦ ሰው ይችላል?

በዳሳ፦ ኩንታልም ይችላል። ምነው?

አስካለ፦ ጌጁን መልሰህ ግጠመው።

በዳሳ፦ ምን? ይሄን ሁሉ ታግዬ አውጥቼው? አሁን ሞተሩን ግደል ስትይኝ አልነበር?

አስካለ፦ ግጠመው። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ እርሻው እስኪያልቅ ፓራፋንጎው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

በዳሳ፦ አንቺ? በነጠላሽ? አገር ይስቅብሻል እኮ!

አስካለ፦ ይሳቅ። አይሰማኝም አልኩህ።

በዳሳ፦ እሺ፣ እሱስ እምቢ ብሎ ተዳፋቱን ልውጣ ቢልሽ?

አስካለ፦ እናቱን ጭኖ ተዳፋት የሚወጣ ልጅ አልወለድኩም።